“ተኛሁ” ያለ ሰው “ዋሸሁ” እንዳይባል

አንድ ኢትዮጵያዊ ከፊቱ ለተቀመጠ ጠያቂ ሁለት ወር ሙሉ ሆስፒታል መተኛቱን በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ ፈለገ እንበል። መዝገበ ቃላቱ ለ“መተኛት” «ላይ» የሚለውን ግስ ሰጥቶታል። ያለፈውን ጊዜ ለመግለጽ በግሱ መጨረሻ ላይ የ“ድ” ድምፅ እንደሚጨመርም ተምሯል። ሁለቱን አገጣጥሞ «ላይድ» ይላል። በልቡ ያለው “ተኛሁ” ነው፤ በጠያቂው ጆሮ የገባው ግን “ዋሸሁ” ነው።

እንግሊዝኛ በድምፅ የማይለያዩ ሁለት «ላይ» የሚባሉ ግሶች አሉት። አንደኛው መተኛት፣ ሁለተኛው መዋሸት ነው። የሚለያዩት በኃላፊ ጊዜ ነው፤ የዋሸው ሰው «ላይድ» ሲል የተኛው ሰው «ሌይ» ይላል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። «ሌይ» ራሱ ደግሞ የሌላ ግስ የአሁን ጊዜ መጠሪያ ነው፤ ትርጉሙም አንድን ነገር ማስተኛት ወይም ማኖር ነው። ተማሪው የገባው ሦስት በሮች በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ በሚመስሉበት ቤት ውስጥ ነው። ቢሳሳት የሚያስገርም አይደለም። የሚያሳስበው ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

በታላቋ ካይሮ ይህ የክፍል ውስጥ ቀልድ ሆኖ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በአል-አዝሃር የሚማሩ ወጣቶች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ እኅቶች፣ በጊዛው አርድ አል-ሊዋ እና በማዓዲ ጎዳናዎች የሚኖሩ ስደተኞችና ነጋዴዎች ቢያንስ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳሉ። በቤት አማርኛ ወይም ሌላ የአገራቸው ቋንቋ ይነገራል፤ በገበያና በሜትሮ ባቡር የግብፅ ዐረብኛ ይሰማል፤ የውጭ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ቅጽና ወደ ሦስተኛ አገር የመሻገር ተስፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። ሰው በሦስተኛው ቋንቋ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ወሳኝ በሆነው ሰዓት ነው።

በባዕድ ቋንቋ የተሠራ ስሕተት በተናጋሪው እምነት ላይ ጥርጣሬ እንደሚያሳድር ካይሮ ከጥንት ታውቃለች። ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በ1753 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዚህች ከተማ ተወለደ። የዘር ሐረጉ ከዘይላና ከኢፋት አካባቢ፣ ከጀበርት ምድር የሚመዘዝ ነው፤ አባቶቹም በአል-አዝሃር የጀበርት ተማሪዎችን ሪዋቅ፣ ማለትም የመኖሪያና የመማሪያ ክፍል፣ ሲመሩ ኖረዋል። ናፖሊዮን ቦናፓርት በ1798 ግብፅን ሲወር ለሕዝቡ በዐረብኛ አዋጅ አስነገረ። አል-ጀበርቲ አዋጁን ከመስመር መስመር እየተከተለ የሰዋስው ግድፈቱን ነቀሰ። ለእርሱ የተጣመመው አነጋገር ከተጣመመው ሐሳብ የሚለይ አልነበረም። ወራሪ ጦርን በዚህ ሚዛን መመዘን የሊቅ ብልኀት ነው። ተማሪን፣ ሠራተኛንና ስደተኛን በዚያው ሚዛን መመዘን ግን ግፍ ይሆናል። የእነርሱ ስሕተት ከተንኮል የመጣ ሳይሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በእንግሊዝኛው ላይ የተወው የእግር ዱካ ነው።

ዱካውን ለማየት አማርኛ ግሱን እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ይበቃል። “ተነሣ” እና “አነሣ”፣ “ተማረ” እና “አስተማረ”፣ “ተበደረ” እና “አበደረ”፣ “ተኛ” እና “አስተኛ” የሚሉት ጥንዶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ከግሱ ፊት የሚቆመው “ተ”፣ “አ” ወይም “አስ” ሥራው በማን እንደ ተሠራና ወደ ማን እንደ ሄደ ይናገራል። ዐረብኛም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ በመሆኑ ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። “ተዐለመ” ተማረ ማለት ሲሆን “ዐለመ” አስተማረ ማለት ነው። “ተዘከረ” አስታወሰ፣ “ዘከረ” ደግሞ ሌላውን ሰው እንዲያስታውስ አደረገ ማለት ነው። ግእዝም “ተዘከረ” እና “አዘከረ” ብሎ ያንኑ ልዩነት ከጠበቁት አንዱ ነው።

እንግሊዝኛ ለእነዚሁ ጥንዶች ብዙ ጊዜ የተለያዩ ቃላት ያቀርባል። ለ“ተማረ” «ለርን»፣ ለ“አስተማረ” «ቲች» ይላል። ለ“ተበደረ” «ቦሮው»፣ ለ“አበደረ” «ሌንድ» ይላል። ለ“ተነሣ” «ራይዝ»፣ ለ“አነሣ” «ሬይዝ» ይላል። በአማርኛ ጆሮ እነዚህ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን አብዛኞቹ ባዕዳን ሆነው ይቆማሉ። ስለዚህ ተማሪው “መቶ ፓውንድ አበድረኝ” ለማለት ሲፈልግ «ቦሮው» የሚለውን ቢያነሣ የብድርን ሐሳብ አግኝቷል፤ የሳተው ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ነው። አማርኛው አቅጣጫውን በአንዲት ፊደል ይነግረው ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ቃሉን ራሱን ለውጦበታል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ የበለጠ ይከፋፍላል ማለትም አይደለም። በአርድ አል-ሊዋ ቤት የሚፈልግ ሰው “ተከራየሁ” እና “አከራየሁ” የሚሉትን ቃላት በምንም ዓይነት አያምታታቸውም። አንደኛው ኪራይ ከፋይ፣ ሌላው ኪራይ ተቀባይ ነው። ዐረብኛውም “ኢስተእጀረ” እና “አጀረ” ብሎ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም «ሬንት» የሚለውን አንድ ግስ ይጠቀማል፤ ማን ባለቤት፣ ማን ተከራይ እንደ ሆነ የሚታወቀው ከግሱ በኋላ በሚከተለው መስተዋድድ ነው። ግሱን ብቻ የሸመደደ ሰው ውል ሲፈርም ራሱን ከየትኛው ወገን እንዳስቀመጠ ላያውቅ ይችላል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ አንድ የአማርኛ ግስ በርካታ የእንግሊዝኛ ግሶችን የሚያቅፍበት ጊዜ ነው። “ጠበቀ” የሚለውን እንውሰድ። ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል፤ የፈተና ውጤት ይጠብቃል፤ ዘበኛ በር ይጠብቃል፤ ወዳጅ ምስጢር ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ዌይት»፣ ለሁለተኛው «ኤክስፔክት»፣ ለሦስተኛው «ጋርድ»፣ ለአራተኛው «ኪፕ» ይላል። “ጠየቀ” ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጥያቄ ይጠየቃል፤ የታመመ ሰውም ይጠየቃል። በአገራችን ባህል በሽተኛን መጠየቅ ከታላላቅ የመልካም ጉርብትና ግዴታዎች አንዱ ነው። ይህን ደግ ተግባር «አስክ» በሚለው ግስ የገለጸ ሰው ግን የታመመች አክስቱን ለምርመራ አፋጥጦ እንደ መጣ ተደርጎ ይቆጠራል። ለዚህ የሚስማማው «ቪዚት» ነው። “አስታወሰ” የሚለውም ራስ ያስታወሰውንና ሌላውን ያሳሰበውን በአንድነት ይሸፍናል፤ እንግሊዝኛው ግን «ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ» ብሎ ይለያያቸዋል።

በካይሮ የቋንቋ ክፍሎች ውስጥ ኢትዮጵያዊውና ግብፃዊው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዳንድ ጊዜ ስሕተታቸው አንድ ዓይነት ይሆናል። ግብፃዊው ቴሌቪዥኑን “ኢፍተሕ” ይላል፤ ኢትዮጵያዊው “ክፈት” ይላል። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ቴሌቪዥኑን እንደ በር ወይም እንደ ሣጥን ሊከፍቱት ይነሣሉ። አንዱ ከሌላው የቀዳ አይደለም፤ ሁለቱም ከየቤታቸው ይዘው የመጡት ስንቅ በመመሳሰሉ ነው። መምህሩ ይህን ቢያውቅ ሠላሳ ተማሪዎችን ሠላሳ ጊዜ ከማረም ይድናል። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ነግሮ ሠላሳዎቹንም ያድናቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በዚህ ላይ የቆመ ነው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግራ የሚያጋቡትን ግሶች ለመለየት የሚያስፈልገውን መሣሪያ አስቀድሞ ይዟል፤ ያልተደረገው መሣሪያውን አውጥቶ እንዲጠቀምበት መጋበዝ ነው። በአል-አዝሃር ትምህርት የተቀረጸ ወጣት “ላዚም” እና “ሙተዐዲ” የሚሉትን የነሕው ቃላት ገና በማለዳው ይማራል። ላዚም በአድራጊው ላይ የሚቀር ግስ ነው፤ ሙተዐዲ ከአድራጊው ተሻግሮ ሌላውን የሚነካ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተማረውም “ተሻጋሪ” እና “ኢ-ተሻጋሪ” ግስ ሲባል ሰምቷል። «ራይዝ» ላዚም ነው፤ ፀሐይ በራሷ ትወጣለች። «ሬይዝ» ሙተዐዲ ነው፤ ሰው እጁን ያነሣል። «ላይ» ላዚም ነው፤ «ሌይ» ሙተዐዲ ነው። ገጽ ሙሉ የቃላት ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ፣ “ሥራው በሠሪው ላይ ቀረ ወይስ ተሻገረ?” የምትለው፣ የበለጠ መንገድ ትወስዳለች።

የአማርኛ ሰዋስውም ከዚህ የሚያንስ ሀብት የለውም። አምስቱ አዕማደ ግስ የሚባሉትን “ነገረ፣ አስነገረ፣ ተነገረ፣ ተነጋገረ፣ አነጋገረ” በሚሉት ቃላት ማየት ይቻላል። ከአንድ ሥር የወጡት አምስቱ ቅርጾች ማን እንዳወራ፣ ማን እንዳስወራ፣ በማን ላይ እንደ ደረሰና ማን ከማን ጋር እንደ ተካፈለ ለይተው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳያስብበት በየቀኑ የሚጠቀም አእምሮ «ሴይ» እና «ቴል» ለመለየት አቅም ያንሰዋል ማለት አይቻልም። «ቴል» እንደ “ነገረ” ሰሚ ይፈልጋል፤ «ሴይ» እንደ “አለ” የተባለውን ቃል ያስከትላል። ተማሪው የሚሳሳተው አማርኛው “አለኝ” ሲል ሰሚውን በግሱ ጫፍ ላይ ስለሚለጥፍለት፣ እንግሊዝኛውም «ሴይ» ላይ እንዲሁ የሚለጥፍ ስለሚመስለው ነው። ምክንያቱ ከተነገረው በአንድ ትምህርት ይታረማል፤ ካልተነገረው ግን ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

ይህ መንገድ በካይሮ አዲስ አይደለም። ሪፋዓ አል-ጠሕጧዊ የአል-አዝሃር ምሩቅ ነበር። በ1826 ወደ ፓሪስ ከተላከው የተማሪዎች ቡድን ጋር በኢማምነት ሄዶ ፈረንሳይኛን ካጠና በኋላ በ1831 ተመለሰ፤ በ1835ም በካይሮ የቋንቋዎችን ትምህርት ቤት መሠረተ። ከዚያ ቤት የወጡት ተርጓሚዎች የራሳቸውን ቋንቋ ከበር ውጭ አስቀምጠው የገቡ አልነበሩም። ሥራቸው ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ማመዛዘን ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ብዙ የእንግሊዝኛ መምህራን የአፍ መፍቻ ቋንቋ በክፍል ውስጥ እንዳይሰማ ይከለክላሉ። ተማሪው በአማርኛ ካሰበ እየተረጎመ ይናገራል፤ እየተረጎመ የሚናገርም አንደበቱ ይተሳሰራል ይላሉ። ከዚህም ሌላ ሁሉም ግስ በሰዋስው ሕግ የሚፈታ አይደለም። «ዱ» እና «ሜክ» ለዚህ ምስክር ናቸው። በአማርኛ የቤት ሥራም፣ ጠረጴዛም፣ ስሕተትም ይሠራል፤ በግብፅ ዐረብኛም “ዐመል” ሁሉንም ይዞ ይጓዛል። በእንግሊዝኛ ግን የቤት ሥራው «ዱ»ን፣ ጠረጴዛውና ስሕተቱ «ሜክ»ን ይጠይቃሉ። ለዚህ ላዚምና ሙተዐዲ መልስ የላቸውም፤ ግሱን ከነባልንጀራው ማጥናት ብቻ ነው መፍትሔው።

ተቃውሞው የያዘው እውነት መታመን አለበት። ይሁን እንጂ አማርኛን ከክፍሉ ማስወጣት ከተማሪው አእምሮ ማስወጣት አይደለም። የተከለከለው ቋንቋ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል፤ በ«ላይድ» እና በ«አስክ» ውስጥ ተደብቆ ይናገራል። በግልጽ ጠርቶ መጠየቅ ይሻላል። ለማብራሪያ አምስት ደቂቃ በአማርኛ፣ ለልምምድ አርባ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ቢመደብ አንደበትም አይተሳሰርም፤ ምክንያትም አይሰወርም።

ግስ ከክፍል ወጥቶ ወደ መንግሥታት ጠረጴዛ ሲደርስ ደግሞ ዋጋው ምን ያህል እንደሚንር የኢትዮጵያ ታሪክ ይመሰክራል። በ1889 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይል ነበር። የጣልያንኛው ቅጂ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው መንገድ ለመጠቀም መስማማታቸውን አመለከተ፤ ሮማም ይህን እንደ ግዴታ ቆጥራ ለዓለም አሳወቀች። ከትርጉሙ ጀርባ የቅኝ ግዛት ፍላጎት ስለነበረ ጠቡ የሰዋስው ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ፍላጎቱ የተሸሸገው በግስ ውስጥ ነበር፤ ጉዳዩም በ1896 በዓድዋ ጦር ሜዳ ተቋጨ።

በ1902 በአዲስ አበባ የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውልም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የውሃውን ፍሰት «አሬስት» ስለሚያደርግ ሥራ ያነሣል። ተማሪ ይህን ግስ መጀመሪያ የሚያውቀው ፖሊስ ሰውን ሲይዝ ነው። ውሃ ሲሆን ግን ፈጽሞ ማስቆም ማለት ነው ወይስ መቀነስንም ይጨምራል? በአንዲቱ ቃል ላይ የሕግ ሰዎች ከመቶ ዓመት በኋላም ይከራከራሉ። ዓባይን የሚጋሩ ሕዝቦች ልጆች ግስን በጥንቃቄ መመዘን የሚማሩት ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ ተነሥቶ ሊደረግ የሚገባው ሩቅ አይደለም። በአል-አዝሃር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎችና የትርጉም ኮሌጅ አማርኛ ይሰጣል፤ በካይሮ ዩኒቨርሲቲም በአፍሪካ ጥናት ዘርፍ ይጠናል። አማርኛን የተማሩ ግብፃውያንና ዐረብኛን የተማሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ ከተማ ይኖራሉ። እነዚህ ተባብረው አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ግሶችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አነስተኛ መጽሐፍ ቢያዘጋጁ ለአርድ አል-ሊዋ የማታ ተማሪም ሆነ ለናስር ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለውለታ ይሆናሉ። መጽሐፉ ሁለት መቶ ግስ ቢይዝ ይበቃዋል። ከእያንዳንዱ ግስ ሥር አራት ነገሮች ቢሰፍሩለት ይመረጣል፤ ሠሪው ማን እንደ ሆነ፣ ሥራው ይሻገር እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ በመጨረሻም ያለፈው ጊዜ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ።

እስከዚያው ድረስ ተማሪው ራሱ ደብተሩን ማስተካከል ይችላል። አዲስ ግስ ሲያገኝ ከአጠገቡ አንድ የአማርኛ ቃል ጽፎ ከማለፍ ይልቅ በሕይወቱ ሊናገረው የሚችለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የሚያምታታውንም ግስ ከተቃራኒው ጋር አጣምሮ ይያዝ፤ ተበዳሪን ከአበዳሪ፣ ተማሪን ከአስተማሪ ነጥሎ አያጥና። ጠያቂዎችና አሠሪዎችም የድርሻቸው አላቸው። የሚሰሙት ቃል ከሰውየው ታሪክ ጋር የማይገጥም ሲመስላቸው ወደ ፍርድ ከመቸኮላቸው በፊት “ምን ማለትህ ነው?” ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቁ።

ሁለት ወር ሆስፒታል የተኛው ሰው በሽታውን ችሎ፣ አገር አቋርጦ፣ በሦስተኛ ቋንቋ ሊናገር ተቀምጧል። እርሱ ከዋሸው ሰው የሚለየው በአንዲት የግስ ቅርጽ ነው። ያችን ቅርጽ አስቀድሞ የሚያስተምረው ሰው ሊያጣ አይገባም።